የማን ቡና ይበልጣል ብሎ መጻፍ ነውር ነውን?

ከግቢያችን ወደ ከተማው የሚወርድ ተማሪ ሁሉ ሳያየው አያልፍም። በአንድ የተቆላ ቡና መሸጫ ሱቅ መስታወት ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ «ከይርጋ ጨፌ የሚበልጥ የጅማ ቡና» የሚል ጽሕፈት ወጥቷል። የሱቁን ስም አናነሣም፤ ከመካከላችን በዱቤ የሚጠጡበት አሉና። ነገር ግን ይህች ባለ አምስት ቃል ማስታወቂያ በመኝታ ቤታችንም በመምህራን ሻይ ክፍልም ያስነሣችው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አንድ መምህራችን «ነጋዴ የራሱን ሸቀጥ ያመስግን፤ የሌላውን ስም ጠርቶ ከዚያ እበልጣለሁ ማለት ግን ጨዋነት አይደለም» ሲሉ፣ ከአጋሮ የመጣ ጓደኛችን «ሌሎች እኛን ሲያወዳድሩን ዝም ብለን ኖረናል፤ አሁን እኛ ብናወዳድር ምን አለበት?» ሲል መለሰላቸው። ሌላው ደግሞ ከጥግ ሆኖ «ለመሆኑ ማን ቀምሶ ፈረደ?» አለ። ብዕር ያነሣነው በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ምክንያት ነው።

አሳባችንን ከወዲሁ እንናገር። ቡና የሚቆሉ ቤቶች፣ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ላኪዎች ቡናቸውን ከተፎካካሪያቸው ቡና ጋራ አወዳድረው ውጤቱን በይፋ ማሳተም ይገባቸዋል እንላለን። የተሸነፉበትን ጭምር ለማተም ካልቆረጡ ግን መስታወቱን ጠርገው ዝም ቢሉ ይሻላቸዋል።

ለምን ይገባቸዋል? ለምን ቢሉ፣ ውድድሩ ተፈለገም አልተፈለገም ሲደረግ የኖረ ነገር ስለ ሆነ ነው። የጅማ ከተማ የበቀለችው ከሒርማታ ገበያ ነው። በንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ነጋዴው ከየአቅጣጫው ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝኆን ጥርሱን ይዞ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ይወርድ ነበር (ሰውም ጭምር ይሸጥበት እንደ ነበር ታሪክ አይሰውርልንም)። እንደ ማናቸውም ገበያ ገዢው ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ ፍሬውን በመዳፉ እየዘገነ፣ እያሸተተ፣ ሲያሻውም በጥርሱ እየነከሰ ያወዳድራል። ሻጩም ከጆንያው አጠገብ ቆሟልና፣ ፍርዱ ካልጣመው አፍ አውጥቶ ይከራከራል።

ዛሬ ማወዳደሩ ሻጩ ከማያየው ክፍል ገብቷል። ቡናችን ወደ ውጭ ሲሸጥ በኒው ዮርክ ዋጋ ላይ ይህን ያህል ሳንቲም ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ነው፤ ያ መጨመርና መቀነስ ራሱ ከሌላ አገርና ከሌላ አካባቢ ቡና ጋራ የተደረገ ውድድር ውጤት መሆኑን ልብ ይሏል። ከመካከላችን የአንዱ አባት በየቡ አካባቢ ጥቂት ቡና አላቸው። ጀንፈላቸውን ለሰብሳቢ ሲያቀርቡ «አባቴ፣ ይህ እኮ የጅማ ነው፤ እንደ ይርጋ ጨፌ አይደለም» ይባላሉ። እርሳቸው ይርጋ ጨፌን አይተውት አያውቁም፤ ቡናውንም ቀምሰውት አያውቁም። ከርሳቸው ቡና ጋራ የተወዳደረው የማን ነበር? በየትኛው ዓመት የተለቀመ ነው? ማን ቀመሰው? ይህን ሁሉ የሚጠይቁበት ቦታ የላቸውም። ውድድሩ አልቆ ፍርዱ ብቻ ነው የደረሳቸው፤ ፍርዱም በእያንዳንዱ ፈረሱላ ላይ ይቆረጣል። እንግዲህ «ማወዳደር ነውር ነው» የሚሉን መምህራችን፣ ነውሩ ከየት እንደሚጀምር ቢነግሩን ደስ ይለናል።

በዓለም ገበያ «ጅማ አምስት» የሚባል ስም አለ። አምስት ማለት ደረጃው ሲሆን፣ ርካሽ ቡና ፈልጎ ከሌላ ጋራ ለመደባለቅ የሚገዛ ቆይ ስሙን አሳምሮ ያውቀዋል። ይህ ስም ያለ ምክንያት አልተሰጠንም። ቡናው በየደጁ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ የበሰለው ካልበሰለው ሳይለይ ሲለቀም፣ ዝናም እየመታው ሲሻግት ኖሯል። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይባላልና ገዢው ዓይኑን ቢያምን አንፈርድበትም። የምንከራከረው በሌላ ነገር ነው። ጥፋቱ የአያያዝ ሆኖ ሳለ ስሙ በአፈሩ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ጅማ ማለት አምስት፣ አምስትም ማለት ጅማ ሆነ።

ይህ ስም ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አመዳደብ ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ የሚመጣው ቡና ታጥቦ ሲቀርብ «ሊሙ» ተብሎ ይመደብ ነበር፤ ሳይታጠብ ደርቆ ሲቀርብ ደግሞ «ጅማ» ነው። አንድ ገበሬ ከአንድ ዛፍ የለቀመውን እሸት ግማሹን ለማጠቢያ ጣቢያ ቢሸጥ፣ ግማሹንም በደጁ ቢያደርቅ፣ የአንድ ዛፍ ፍሬዎች የሁለት አገር ተወላጆች ሆኑ ማለት ነው። አንደኛው የተከበረ ስም ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው አምስትን ተሸክሞ ይቀራል። ቡና ጠጪው ፈረንጅ «ሊሙ ይሻላል፣ ጅማ ያንሳል» ሲል እጥበትን ከማድረቅ ጋራ እያወዳደረ እንጂ አገርን ከአገር ጋራ እያወዳደረ እንዳልሆነ የሚነግረው አልነበረም። የማወዳደሪያው ዝርዝር ታትሞ ቢወጣ ኖሮ ይህ ስሕተት ስንት ዓመት ይቆይ ነበር?

ስለ ምርት ገበያው ስንናገር በግማሽ ልብ ማመስገን አንወድም። ገበያው በ2008 (ካልተለየ በቀር ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል) ተቋቁሞ በዚያው ዓመት ማለቂያ ቡናን ሲቀበል፣ እያንዳንዱ ቡና ከመሸጡ በፊት ስሙ ተሰውሮ፣ በቁጥር ብቻ ታውቆ፣ ከመቶ 40 በጥሬው መልክ፣ 60 ደግሞ በሲኒው ጣዕም እንዲመዘን አደረገ። ጅማም ላይ መዝኖ ቀማሽ ቤት ተከፈተ። ቀማሹ ገዢም ሻጭም አለመሆኑ፣ ገበሬውና ባለጠጋው ነጋዴም በአንድ ማንኪያ መቀመሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ከተመዘነ በኋላ ቡናው ከመሰሎቹ ጋራ ተደባልቆ በክፍሉና በደረጃው ብቻ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ጥሩ የሠራው ሰው ስም እመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይቀር ነበር። ፈተና ተፈትኖ፣ ወረቀቱ ታርሞ፣ ውጤቱ ግን «የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በአማካይ» ተብሎ ሲለጠፍ ምን እንደሚሰማ እኛ ተማሪዎች እናውቀዋለን።

አሁን ወደ አጋሮ እንሂድ። በጎማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቡናቸውን በደረቁ ሲሸጡ ኖረው፣ በ2010 ዱሮሚና የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በምክር ረዳቸው፤ ማጠቢያ ጣቢያ ቆመ፤ ቀይ እሸት ብቻ መልቀም፣ በአልጋ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ተለመደ። በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች የቅምሻ ውድድር ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቀማሾች የዱሮሚናን ቡና ከአፍሪካ አንደኛ ነው አሉት። ሁለት ዓመት ብቻ ነው! ዛፉ ያው ነው። አፈሩ ያው ነው። የለቃሚዎቹም እጅ ያው ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሲባል የምንሰማውን ተረት ይህን ያህል የሚያስረዳ ነገር አላገኘንም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ የምንፈልገው ኩራቱን ብቻ አይደለም። ዱሮሚና ሊታወቅ የቻለው በስሙ ስለ ተወዳደረ ነው። በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ይፈቀድላቸው ስለ ነበር ቡናቸው በመጋዘን ውስጥ ስም ሳያጣ ወጣ። ያው ቡና በሌላው መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ዱሮሚና የሚል ስም ግን ከአጋሮ ወዲያ ማንም አይሰማም ነበር። በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ ሌሎቹም አቅራቢዎች የቡናቸውን ምንጭ ሳያጠፉ ለላኪ እንዲሸጡ መንገድ ተከፍቷል። እንግዲህ ስሙ ለባለቤቱ እየተመለሰ ነው። ስም ያለው ሰው ደግሞ «ከእገሌ ጋራ አወዳድሩኝ» ለማለት ይችላል። የሱቁ መስታወት ላይ ያለችው ጽሕፈትም የዚህ ዘመን ልጅ ናት ብለን እናምናለን።

ምናልባት አንዳንዶች «ሕግስ ይፈቅዳልን?» ይሉን ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የተፎካካሪን ሸቀጥ ለማዋረድ ሐሰት መናገርን ከማታለል ጋራ ቆጥሮ ጥፋት አድርጎት ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ በንግድ ማስታወቂያ ሸቀጥን በሐሰት ወይም በአሻሚ አኳኋን ማወዳደርን ከለከለ። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ማወዳደር አይደለም። ሐሰትና አሻሚነት ነው። «ከይርጋ ጨፌ የሚበልጥ» የሚለው ቃል ሐሰት ስለ መሆኑ ማስረጃ የለንም፤ አሻሚ ስለ መሆኑ ግን ከአንድ በላይ ምስክር አለን። በምን ነው የሚበልጠው? በጣዕም ነው? በጥቁረት? በዋጋ? ወይስ በጆንያው ክብደት? ይርጋ ጨፌስ የተባለው የየትኛው ጣቢያ፣ የየትኛው ዓመት ምርት ነው? አገሩ ሰፊ ነው፤ ጥሩም መጥፎም ቡና ይወጣበታል።

እውነተኛው ችግር እዚህ ላይ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል አገራችን። ሻጭ ራሱ ፈራጅ ሲሆን ተፎካካሪውን የሚመርጠው እርሱ ነው፤ ውሃውን የሚያፈላው እርሱ ነው፤ ዛሬ ጧት የቆላውን የራሱን ቡና፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ስድስት ወር ከከረመ የሌላው እሽግ ጋራ አቅርቦ «እነሆ በለጥሁ» ቢል ማን ይከለክለዋል? እንዲያውም አንድም ሐሰት ሳይናገር ሊያታልለን ይችላል። ያልታጠበ ቡና ወፈር ያለ፣ የታጠበው ደግሞ ጠራ ያለ ጠባይ አለው፤ ባለደረቁ ቡና «በውፍረት እንበልጣለን» ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ነው፤ ያላነሣው ግን የቀረውን ሁሉ ነው።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1975 ፔፕሲ ኮላ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ሰዎችን እያስቆመ ስም ያልተጻፈባቸውን ሁለት ብርጭቆዎች ያስቀምስ ጀመር፤ ብዙዎች የርሱን እንደ መረጡም በየቴሌቪዥኑ አስነገረ። ኮካ ኮላ በ1985 ቅመሙን ለውጦ ቢቀርብ ሕዝቡ ጮኸበትና ሦስት ወር ሳይሞላ የቀድሞውን መለሰ። ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ደስ ይለናል፤ ጣፋጭ ነገር በአንድ ጉንጭ ያሸንፋል፤ ሙሉውን ጠርሙስ ሲጠጡት ግን ይሰለቻል ይላሉ። ውድድሩ ሐሰት አልነበረበትም። የተወዳደረው ግን ጉንጭ ከጉንጭ ጋራ እንጂ መጠጥ ከመጠጥ ጋራ አልነበረም።

እኛም በዐቅማችን ሞክረነዋል፤ ጥናት ብለን ልናስከብረው አንፈልግም። በግቢው በር ላይ ቡና የሚያፈሉልንን አዴ ለምነን፣ ከገበያ የገዛናቸውን የጅማ፣ የሊሙና የይርጋ ጨፌ የተባሉ ሦስት ቡናዎች በየተራ ቆልተው በሦስት ጀበና እንዲያፈሉልን አደረግን። የትኛው ጀበና ውስጥ የትኛው እንዳለ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በአቦሉ፣ እኛ የጅማ ልጆች ነን የምንለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «የኛ ይህ ነው! ምን ጥያቄ አለው!» ብለን ያጨበጨብንለት ሲኒ የይርጋ ጨፌው ሆኖ ተገኘ። ዕፍረታችንን በቶናው ለመካስ ብንሞክር እርስ በርሳችን ተጣላን። በበረካው ላይ ሌሎቹ ሲቀጥኑ ጣዕሙን ሳይለቅ የቀረው አንዱ ነበር፤ እርሱም የጅማው ነው። አዴ ስቀው ሲያበቁ «ቡና በአንድ ሲኒ ይታወቃል እንዴ? ሰውስ በአንድ ቀን ይታወቃል?» አሉን። ዘጠኝ ዘጠኝ ሲኒ ጠጥተን ነበርና በዚያ ሌሊት ሳንተኛ ነገሩን ለማሰላሰል በቂ ጊዜ አገኘን።

ያሰላሰልነውም ይህ ነው። የሙያው ቀማሽ በማንኪያ ስቦ በአፉ አንከባሎ ይተፋል፤ የሚፈልገው እንከኑንና ጠባዩን ማወቅ ነው። የአገሬው ሰው ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይጠጣል። ሁለቱም እውነተኛ ሚዛኖች ናቸው። አንዱን ሚዛን በሌላው ስም ማቅረብ ግን ደንበኛን ማሞኘት ነው። ስለዚህ አወዳድሬአለሁ የሚል ሁሉ «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከውጤቱ አጠገብ መጻፍ አለበት፤ የለቀማውን ዓመት፣ የታጠበ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ የተቆላበትን ቀን፣ የቀማሾቹን ማንነት። ይህን ሁሉ መስታወት አይችለውም ካሉን፣ በእሽጉ ጀርባ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ እንዳለ አይተናል።

እንዲህ ያለ ታማኝ ውድድር ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ከከተማችን አቅራቢያ ያለው መልኮ ይበቃናል። የቡና ፍሬ የሚያበሰብሰው በሽታ በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ፣ በዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታውን የተቋቋሙ የሚመስሉ እናት ዛፎችን በመቶ እየቆጠሩ መረጡ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ተፈትኖ ለገበሬው የደረሰው ጥቂት ነው። ዛሬ በየጓሮው «74110» እና «74112» እየተባሉ የሚጠሩት ቡናዎች ቁጥራቸው የሚጀምረው በ1974 ስለ ተመረጡ ነው። ገበሬው እነዚህን ቁጥሮች እንደ ልጆቹ ስም ያውቃቸዋል። ለምን አመናቸው? ስለ ተመሰገኑ አይደለም። ብዙዎች ወድቀው እነርሱ እንደ ቀሩ ስላወቀ ነው። የወደቀ የሌለበት ፈተና ማንንም አያሳምንም፤ የተሸነፈበት ሠንጠረዥ የሌለው ነጋዴም እንደዚሁ ነው።

አሁን ሁላችንም በልባችን ይዘን አፋችን ወደማይደፍረው ነገር እንምጣ። መምህራችን ጨዋነት ሲሉ የፈሩት ይህን ይመስለናል። በአገራችን ቡና ከቡና ጋራ ሲወዳደር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሕዝብ ከሕዝብ ጋራ ወደ መወዳደር ያመራል። ቡና መጀመሪያ የተገኘው ጎማ ውስጥ ጮጬ ላይ ነው ወይስ ካፋ ውስጥ ማንኪራ ላይ ነው በሚለው ክርክር ስንት ወዳጆች እንደ ተኳረፉ በዚህ ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ነገር አቋማችን ግልጽ ነው። ንግድ ቤቶች ከመገኛው ክርክር እጃቸውን ያውጡ። ጥንት የት በቀለ የሚለው ነገር የታሪክና የዕፀዋት ሊቃውንት ሥራ ነው፤ በማንኪያ ተቀምሶ አይታወቅም፤ የዘንድሮውንም ቡና አንዲት ጠብታ አያጣፍጠውም። ሊወዳደር የሚችለው የዚህ ጣቢያ የዚህ ዓመት ቡና ከዚያ ጣቢያ የዚያው ዓመት ቡና ጋራ ነው። «ጅማ ከይርጋ ጨፌ ይበልጣል» ማለት ሰውን ያስቀይማል። «የእገሌ ማኅበር ቡና ከእገሌ ማኅበር ቡና በዚህ ነጥብ በለጠ፣ በዚህ ነጥብ አነሰ» ማለት ግን የሚያስቀይም ቢሆን እንኳ የሚታረም ነገር ያሳያል፤ የተሸነፈው በሚቀጥለው ዓመት ሊመልስ ይችላል። በትውልድ መንደሩ የተሸነፈ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

አውሮፓውያን በ1997 ስለ ማወዳደሪያ ማስታወቂያ ባወጡት መመሪያ ብዙ መልካም ነገር አለ፤ የሚወዳደሩት ነገሮች ለአንድ ጉዳይ የሚውሉ ይሁኑ፣ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ብቻ ይወዳደር፣ ተፎካካሪ አይዋረድ ይላል። አንድ አንቀጹ ግን ለኛ አይመችም። የተከበረ የአገር ስም የያዘ ሸቀጥ ያንኑ ስም ከያዘ ሸቀጥ ጋራ ብቻ ይወዳደር ይላል፤ በ2007 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህን አንቀጽ አላልቶ ተረጎመው። እንዲህ ያለው ሕግ የሚጠብቀው ስም ያለውን ነው። ስም የሌለው ደግሞ ስም የሚያገኘው ከባለስሙ ጎን ቆሞ ሲታይ አይደለምን? የራሳችን መንግሥት በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋራ የተነሣው ክርክር በ2007 በስምምነት ሲያልቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከሦስቱ ስሞች ውስጥ ግን ጅማም ሊሙም አልነበሩም። አንወቅስም፤ የሚሰረቀውን ስም አስቀድሞ መጠበቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ያ ምርጫ ራሱ ማንም ያላሳተመው ውድድር ነበር።

በ2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግ ከ1,400 በላይ ናሙና ቀረበ፤ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በአንድ ፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። ቀማሾቹ የሚያውቁት የኮድ ቁጥር ብቻ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው በዶላሩ ለመደነቅ አይደለም፤ ገበሬው ስሙን ሰውሮ ለመፈተን እንደማይፈራ ስላሳየን ነው። የሚፈሩት ከገበሬውና ከጠጪው መካከል የቆሙት ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ባለሱቁን ሄደን አነጋገርናቸው። ይቆጡናል ብለን ነበር፤ ቡና ጋበዙን። «እኔ ይርጋ ጨፌን ጠልቼ አይደለም» አሉ። «በገዛ አገሬ፣ በጅማ ከተማ፣ ደንበኛ ገብቶ የሚጠይቀኝ ‹ይርጋ ጨፌ አለዎት?› ብሎ ነው። ‹የጅማ አለ› ስለው ፊቱን ያጨማድዳል። ሳይቀምስ! ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ አጣን። በኋላ ግን ቡናቸውን ከይርጋ ጨፌ እሽግ ጋራ ስም ሳይታይ እንድናስቀምስ ይፈቅዱ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ብሸነፍስ?» አሉ። «ይጻፋል» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «የቀለሙን ዋጋ ማን ይከፍላል?» አሉ። ማኅበሩ ይከፍላል ብለን ቃል ገባን፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ይህን በዚህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚያነብ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ቅምሻው በሚመጣው ሐሙስ ከቀኑ በ9 ሰዓት በማኅበሩ ክፍል ይደረጋል። ሁለቱም ቡናዎች የታጠቡ፣ የአንድ ዓመት ምርትና በአንድ ቀን የተቆሉ ይሆናሉ፤ የይርጋ ጨፌውን እሽግ የሚገዛው ከይርጋ ጨፌ አካባቢ የመጣ ተማሪ ነው፤ መርጦ ምርጡን ያምጣ። ግማሹ በማንኪያ ይቀመሳል፤ ግማሹን አዴ በጀበና እስከ በረካ ያፈሉታል። ጨዋነትን ያነሡት መምህራችን ከቀማሾቹ አንዱ እንዲሆኑ በአክብሮት ለምነናቸዋል፤ እስካሁን እሺም እንቢም አላሉም። ሲኒ ስለሚያንሰን ያላችሁ ረቡዕ ማታ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቡ፤ ከሥሩ ስማችሁን መጻፍ አትርሱ። ስኳርም ጨውም ይዞ መግባት አይፈቀድም።